ኤጀንት እንያዝ ወይስ ራሳችን እንጨርሰው?

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሪከርድ ቢሮ ነው። መምህር አይደለሁም፤ ተማሪዎቹ ግን «ቲቸር» ነው የሚሉኝ። ትራንስክሪፕት የማወጣው፣ ማኅተም የምመታው፣ ፖስታ የማሽገው እኔ ነኝ። ውጭ ልማር ብሎ የተነሳ ልጅ ሁሉ በኔ መስኮት ያልፋል። ከልጁ ኋላ ወላጅ አለ። ከወላጁ ኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኤጀንት።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በዓመቱ ደግሞ 3.2 ከመቶ። ከዚያ ወዲህ ውጭ ውጭ የሚል ወላጅ በዛ። ቢሮ የሚከፍት ኤጀንትም አብሮ በዛ። መስኮቴ ላይ የሚቀርበው ጥያቄ ያው ነው፦ «ቲቸር፣ ኤጀንት ይሻላል ወይስ ራሳችን እንሞክረው?»

እኔ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ኤጀንቱ ገንዘቡን የሚያገኘው ከማን እንደሆነ ነው።

ብዙ ወላጅ ይህን አያውቅም። አስከፍለው የሚያስተምሩ በርካታ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ላመጣላቸው ኤጀንት ኮሚሽን ይከፍላሉ። በአብዛኛው ከመጀመሪያው ዓመት የትምህርት ክፍያ ላይ ከ10 እስከ 20 ከመቶ ይሆናል። የዓመት ክፍያው 15,000 ፓውንድ ከሆነ፣ በናንተ ልጅ ከ1,500 እስከ 3,000 ፓውንድ ይገባዋል ማለት ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ሥራ ነው። ግን ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የሚያሳያችሁ የዩኒቨርሲቲ ዝርዝር የሚከፍሉት ዩኒቨርሲቲዎች ዝርዝር ነው። የማይከፍሉት አይታዩም። ሁለተኛ፣ ከዚያ እየተከፈለው ከናንተም ጠቀም ያለ «ሰርቪስ ቻርጅ» ከጠየቀ ከሁለት በኩል እየበላ ነው። በግልጽ ጠይቁት፦ «ከዩኒቨርሲቲው ስንት ታገኛለህ?» ደህናው ኤጀንት ሳያንገራግር ይነግራችኋል። ጥያቄው የሚያስቆጣው ከሆነ ቦርሳችሁን አንሱና ውጡ።

ይህን ከያዛችሁ የቀረው ልጁ የት ሊማር ነው የሚለው ነው።

ጀርመን ከሆነ ልብ በሉ። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ክፍያ ከሌለ ኮሚሽን ከየት ይመጣል? ስለዚህ «ጀርመን እልካለሁ» የሚል ኤጀንት ብዙ ጊዜ የሚወስዳችሁ በሺህ የሚቆጠር ዩሮ ወደሚያስከፍል የግል ኮሌጅ ነው። የመንግሥቱን በራሳችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ብዙዎቹ ማመልከቻ የሚቀበሉት ዩኒ-አሲስት በሚባለው ድርጅት በኩል ነው፤ ለመጀመሪያው ምርጫ 75 ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ዩሮ ይከፈላል። ከባዱ ማመልከቻው አይደለም። ለቪዛው በዝግ አካውንት (በየወሩ ተቆንጥሮ ብቻ በሚወጣበት) የሚቀመጠው የዓመት 11,904 ዩሮ ነው፤ እሱን ደግሞ የትኛውም ኤጀንት አያስቀምጥላችሁም።

ስኮላርሺፕ ከሆነማ ጭራሽ አትክፈሉ። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ፣ የሃንጋሪው፣ የእንግሊዙ ቼቭኒንግ፣ ለማመልከት አንድ ሳንቲም አይጠይቁም። «ፉል ስኮላርሺፕ በኛ በኩል» የሚል የቲክቶክ ማስታወቂያ ስታዩ የሚሸጥላችሁ ነጻ ፎርም ነው።

አሜሪካ ከሆነ መጀመሪያ ኤጁኬሽን ዩኤስኤ የሚባለውን የአሜሪካ መንግሥት የምክር አገልግሎት ሞክሩ። ምክሩ ነጻ ነው፣ በኮሚሽን ከሚሠሩ ኤጀንቶች ጋርም አይሻረክም። የክፍያውን ልክ ደግሞ ራሳችሁ እወቁት። ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎ አይ-20 የሚባለውን ለቪዛ የሚያስፈልግ ፎርም ከላከ በኋላ የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መዝገብ) 350 ዶላር አለ፣ የቪዛ ማመልከቻው 185 ዶላር አለ። አንድ አባት ኤጀንቱ «የኤምባሲ» ብሎ ያስከፈላቸውን ሲነግሩኝ ደረሰኝ ላይ ቁጭ ብለን ደመርነው፤ ከሁለቱ ድምር እጥፍ በላይ ነበር። በዚያ ላይ ዲኤስ-160 የሚባለው የቪዛ ፎርም «ሲሞላ የረዳህ ሰው አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ኤጀንቱ ሞልቶት «የለም» ብሎ ካለፈ፣ የዋሸው በልጃችሁ ስም ነው።

ለካናዳ ቪዛ ገንዘብ ተቀብሎ ማማከር የሚችለው ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ነው፦ በዋናነት ጠበቃ ወይም በካናዳ የኢሚግሬሽን አማካሪዎች ኮሌጅ የተመዘገበ አማካሪ። መዝገቡ ኢንተርኔት ላይ ክፍት ነው። ስሙን አስገቡና ፈልጉ። ከሌለ ትምህርት ቤት ሊያስመርጣችሁ ይችላል፤ ቪዛውን ግን እንዳይነካው።

ታዲያ ኤጀንት የሚጠቅመው መቼ ነው? ከፍላችሁ የምትማሩ ከሆነ፣ የምትሄዱበት ዩኒቨርሲቲ ከኤጀንት ጋር በይፋ የሚሠራ ከሆነ፣ እናንተ ደግሞ ጊዜውም ኢንተርኔቱም ከሌላችሁ። ብዙ የእንግሊዝና የአውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲዎች የወኪሎቻቸውን ስም በየአገሩ ከፋፍለው ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ኢትዮጵያ በሚለው ሥር የሰውየውን ቢሮ ፈልጉ። ካጣችሁ ለዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ጽፋችሁ ጠይቁ፤ ይመልሳሉ። ጎበዝ ኤጀንትም አይቻለሁ። አንዲት እናት ልጃቸውን እንግሊዝ ሊልኩ ገንዘቡን ከእቁብም ከወንድማቸውም አሰባስበው በማግስቱ የቪዛ ማመልከቻውን ሊያስገቡ ነበር። ኤጀንቷ አስቆመቻቸው። ገንዘቡ በልጁ ወይም በወላጅ አካውንት 28 ተከታታይ ቀን ሳይጎድል መቀመጥ አለበት፣ ስቴትመንቱም ማመልከቻው በሚገባበት ቀን ከ31 ቀን በላይ የቆየ መሆን የለበትም። ከቤተሰቡ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ኤጀንቷ ከናንተ አንድ ብር አልፈልግም ያለች ናት፤ ዩኒቨርሲቲው ይከፍላታል።

ኤጀንት ያዛችሁም አልያዛችሁም፣ ከእጃችሁ የማይወጣ አንድ ነገር አለ፦ ኢሜይሉ።

አምና አንዲት ተማሪያችን ከአባቷ ጋር መጣች። ኤጀንቱ ቢሮውን ዘግቶ የውሃ ሽታ ሆኗል። «የት የት ነው ያመለከታችሁት?» ስላት አታውቅም። ማመልከቻው የገባው ኤጀንቱ ራሱ በከፈተው ኢሜይል ነው። የይለፍ ቃሉም እሱ ጋ ነው። አባትየው ስልካቸውን አውጥተው የድሮ የዋትሳፕ መልእክቶችን ወደ ላይ ሲስቡ ሲስቡ አንድ ደብዛዛ ስክሪንሾት ተገኘ። የአንድ ዩኒቨርሲቲ አርማና የማመልከቻ ቁጥር አለው። በራሷ አዲስ ኢሜይል የፓስፖርቷን ኮፒ አያይዛ ጻፈች። ዩኒቨርሲቲው ማንነቷን አጣርቶ ሲመልስ ለካ ከተቀበሏት ወራት አልፈዋል! የቅድሚያ ክፍያው ቀን ግን አልፎ ነበር። ወደሚቀጥለው ተርም አዛወሩላት። ስለዚህ ኢሜይሉን ልጁ ይክፈት፣ ስልክ ቁጥሩም የልጁ ይሁን። ኤጀንቱ ኮፒ ይደረግ፣ በቃ።

ውል ሲሰጧችሁ ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። «የተከፈለ ገንዘብ በማንኛውም ምክንያት አይመለስም» የሚል ካለ ክፍያው በደረጃ እንዲከፈል ጠይቁ፦ ትንሽ ሲጀመር፣ የቀረው የመቀበያ ደብዳቤው ሲመጣ። ደብዳቤው ሲመጣም ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ባለው አድራሻ ጽፋችሁ እውነተኛነቱን ጠይቁ። «መቶ በመቶ ቪዛ» የሚል ውል ደግሞ አትፈርሙ። ቪዛውን የሚሰጠው ኤምባሲው ነው። ቃለ መጠይቁ ላይም ልጁ ብቻውን ነው የሚቆመው።

ከሁሉ የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። «ቲቸር፣ ይቺን የሒሳብ ውጤት ትንሽ ከፍ ብናደርጋት?» ብሎ መስኮቴ ላይ የሚቆም ኤጀንት አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ፈገግ እያለ ነው። እኔ ብፈርምለት የሚጎዳው እሱ አይደለም። ካናዳ በሐሰተኛ ሰነድ ያመለከተን ሰው ለ5 ዓመት ታግዳለች። አሜሪካ ደግሞ ዕድሜ ልክ ልታግድ ትችላለች። የሕንድ ተማሪዎች ጉዳይ ዜና ሆኖ ነበር፤ ኤጀንት በሰጣቸው የሐሰት የመቀበያ ደብዳቤ ካናዳ ገብተው፣ ሲታወቅ የመባረር አደጋ ተደቀነባቸው። ከዚያ በኋላ ካናዳ ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱን ደብዳቤ በቀጥታ ከትምህርት ቤቱ ታረጋግጣለች። ኤጀንታችሁ ውጤት ስለማስተካከል ካነሳ ሌላ ምልክት አትጠብቁ።

አሁንም ካልቆረጣችሁ አንድ ማታ ፈተና ስጡት፣ ለልጁ። የሚፈልገውን ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ከፍቶ የመግቢያ መስፈርቱን፣ የማመልከቻ መዝጊያውን ቀንና የዓመቱን ክፍያ አግኝቶ ወረቀት ላይ ይጻፍላችሁ። ካገኘ ኤጀንት አያስፈልጋችሁም። ጨርሶ ከጠፋበት፣ ለመላኩም ቸኩላችሁ ይሆናል።

የሰነዱ ሩጫ ግን ሌላ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት፣ ዲግሪ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይረጋገጣል፤ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አለ። አድካሚ እንጂ ከባድ አይደለም። ጊዜ ከሌላችሁ ለዚህ ጉዳይ አስፈጻሚ ያዙ፤ ከኤጀንት በእጅጉ ይረክሳል።

ከመሮጣችሁ በፊት ግን ስሙን አመሳክሩ። ፓስፖርቱ ላይ የአባት ስም በአንድ «ኤስ»፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ በሁለት «ኤስ» ሆኖ ስንቱ ተመልሷል! ይህን ኤጀንት አያስተካክለውም። ፓስፖርቱንና የልደት ካርዱን ይዛችሁ እኔ ጋ ነው የምትመጡት። ከሰኔ በፊት ኑ፤ ነሐሴ ላይ መስኮቱ ዝግ ነው።