የድሮ ጀልባ ሞተር የዘይት ፖምፓ፦ ይቆይ ወይስ ይነሳ?

ከቆቃና ከዝዋይ ወደ ገላንና ቃሊቲ ጋራዦች የሚመጣ ባለ ሁለት ምት የጀልባ ሞተር ባለቤት ገና ከመኪና ሳያወርደው «ፖምፓውን አውጡልኝ፣ ዘይቱን ቀላቅዬ እነዳለሁ» ይላል። ፖምፓው ከዘይት ታንከሩ ዘይት ስቦ በራሱ ወደ ሞተሩ የሚሰጠው ነው፤ ከተነሳ ዘይቱን ቤንዚን ውስጥ በእጅ መቀላቀል ግድ ነው። አትቸኩሉ።

ያጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ገላን ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡሬተሩ ቤንዚን ያበዛል። መፍትሄው ቁጥሯ ያነሰ ጄት (ካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚን የምትመጥነው ቀዳዳ) ነው። በበርሜል ውሃ አስነስቶ ጭሱን አይቶ የዘይቱን መጠን የሚወስነውን የፖምፓውን ዘንግ መቀነስ ግን ሞተር መግደል ነው፤ ሐይቅ ላይ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው ዘይት ያጥረዋል።

ቀኑን ሙሉ ተነድቶ የዘይት ታንከሩ አይጎድልም። ዋናው በሽታ ይሄ ነው። አላርሙ ስላልጮኸ አትተማመኑ፤ ብዙዎቹ ላይ አላርሙን የምታስጮኸው ታንከር ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ የምታየው የታንከሩን ልክ እንጂ ዘይቱ መፍሰሱን አይደለም። መጀመሪያ ቱቦውን በጥፍር ተጫኑት። ቢጫ ሆኖ ከደረቀ ጫፉ ላይ ይላላል፣ አየር ይስባል፣ ፖምፓው አረፋ ይገፋል። ግንበኞች ውሃ ልክ የሚለኩበትን ቱቦ ቆርጦ በሽቦ አስሮ የሚሰጥ ባለሙያ አለ፤ እባካችሁ ይቅር! ያ ቱቦ ዘይትና ሙቀት አይችልም። ዘይት የሚችል ቱቦ በፋሼታ (በቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) እሰሩ።

ከዚያ የፖምፓውን የአየር ማስወጫ ብሎን አላልታችሁ አረፋ የሌለው ዘይት እስኪወርድ ጠብቁ። ለሙከራው 20 ሊትር ቤንዚን ላይ 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ቀላቅላችሁ በሌላ ታንከር ስጡት። ያለዚህ አትሞክሩ፤ ፖምፓው ካልሠራ ፒስተኑ ይነክሳል (ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል)። የዘይት ታንከሩ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ልኩን አስምሩና ጭነት ላይ አንድ ሰዓት ንዱ። ዘይት እጥፍ ስለሚያገኝ ያጨሳል፣ አትደንግጡ። ልኩ ከጎደለ ፖምፓው ደህና ነው፣ ይቆይ።

ዘይቱ ወተት መሰለ። ውሃ ገብቷል፤ ታንከሩንም ቱቦውንም አጥባችሁ ሙሉ።

ቱቦው ደህና፣ አየሩ ወጥቷል፣ አሁንም አይወርድም። አንዳንድ የድሮ ሜርኩሪ የሚባል የጀልባ ሞተር ላይ ፖምፓውን የሚያዞረው ማርሽ ፕላስቲክ ነው፤ በዕድሜ ጥርሱ ይረግፋል። አዲስ ማርሽ ካልተገኘ ያኔ አንሱት። ማርሹም ይውጣ፣ ፍርፋሪውም ይለቀም፣ ቀዳዳው በብረት ሳህንና በጓርኒሲዮን (ፍሳሽ በሚከለክል ስስ ንጣፍ) ይዘጋ። ዘይት ወደ ሞተሩ የሚገባባቸውን ጫፎች አንድም ሳታስቀሩ ድፈኑ፤ ክፍት የቀረችው አየር ስባ የዚያን ሲሊንደር ፒስተን ታቃጥላለች። የአላርሙን ሽቦ በጅምላ አትቁረጡ፣ ሞተር ሲግልም የሚጮኸው ያው ነው።

ጀልባውን ቤንዚን የሚሞሉት ተለዋዋጭ ልጆች ከሆኑ ግን ማርሹን ከየትም ፈልጋችሁ ፖምፓውን አቆዩት። ፖምፓ የሌለውን ሞተር ለመግደል ዘይት ያልተቀላቀለበት አንድ ጀሪካን ቤንዚን ይበቃል። ካነሳችሁት የድብልቁን ጀሪካን ቀይ ቀቡት፣ ዘይቱን በሲሪንጅ ለኩ፣ ቲሲ-ደብሊው3 (TC-W3፣ የባለ ሁለት ምት ጀልባ ሞተር ዘይት ምልክት) የተጻፈበትን ብቻ ግዙ። የመኪና 40 ቁጥር ዘይት እዚህ ቦታ የለውም።