ሊትየም ከአሮጌ ባትሪ፦ ምርቱ የሚጠፋው ውሃው ውስጥ ነው

ተማሪዎች ባትሪ አይፍቱ። ቻርጅ የቀረው ባትሪ ሲቀደድ ይቀጣጠላል፤ በውስጡ ያለው ጨው እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የተባለ መርዝ ይለቃል። ሊትየሙን በሊትየም ካርቦኔት መልክ ለማግኘት፣ ባለሙያ ባትሪውን ፈትቶ ከአሉሚኒየም ቅጠሉ ባላቀቀው የሊትየም ኮባልት ኦክሳይድ ዱቄት ጀምሩ።

መነጽርና ጓንት አድርጋችሁ፣ ጋዝ መሳቢያው ሥር፣ 10 ግራም ዱቄት በ400 ሚሊ ሊትር ቢከር ውስጥ ካለ 100 ሚሊ ሊትር ባለ 2 ሞላር (በሊትር 2 ሞል) ሰልፈሪክ አሲድ ጋር እያማሰላችሁ እስከ 70 ዲግሪ አሙቁ። ባለ 30 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 15 ሚሊ ሊትር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጠብ ጠብ አድርጉ። ባንዴ ከተገለበጠ ይገነፍላል፤ ፐርኦክሳይዱም ሥራውን ሳይሠራ ወደ ኦክስጅንና ውሃ ይፈርሳል። ሥራው ኮባልቱን በቀላሉ ወደሚሟሟው ዓይነት መቀየር ነው። ፈሳሹ ቀይ ሲሆን የቀረውን ጥቁር አጣሩ።

ባለ 4 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ወደ 75 ሚሊ ሊትር ይፈጃል። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 11 ሲደርስ ኮባልቱ ይዘቅጣል፤ አጣሩት። ዝቃጩ ዝልግልግ ስለሆነ ሊትየም ይዞ ይቀራል፤ በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ ሁለቴ እጠቡትና እጣቢውን ከማጣሪያው ፈሳሽ ጋር ቀላቅሉ። ፈሳሹ ሮዝ ቀለም ካለው ኮባልት አልወጣለትም፤ አትቀጥሉ። ዝቃጩን ምልክት ባለበት ዕቃ አስቀምጡ እንጂ ወደ ፍሳሽ አትድፉት።

ብዙዎች የሚከስሩት ከዚህ በኋላ ነው። ከ10 ግራሙ ቢበዛ 3.8 ግራም ያህል ሊትየም ካርቦኔት ይገኛል። ነገር ግን 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ 1.33 ግራም ካርቦኔት ያሟሟል፤ በፈላ ውሃ 0.72 ብቻ። እንደ ስኳር ሳይሆን፣ ሲሞቅ መሟሟቱ ይቀንሳል። አሁን በእጃችሁ ባለው ወደ 210 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ፈሳሽ ላይ ሶዳ (ሶዲየም ካርቦኔት) ብትጨምሩ 2.8 ግራም ያህሉ ሟሙቶ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ፈሳሹን አትንናችሁ ወደ 80 ሚሊ ሊትር አውርዱት፤ ከዚያ በጣም ከወረደ ሶዲየም ሰልፌቱ አብሮ ሊረጋ ይችላል። 6.5 ግራም ሶዲየም ካርቦኔት በ20 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ አሟሙና በ90 ዲግሪ ጨምሩ። አዲስ አበባ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ከዚያ በላይ አትጠብቁ። ግማሽ ሰዓት አማስሉ፤ ሳይቀዘቅዝ፣ በሞቀ ፈንል አጣሩ።

በ5 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ሁለቴ እጠቡና አድርቁ። ጥቂቱን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አርሳችሁ በነበልባል ፈትኑት፦ ደማቅ ቀይ ሊትየም ነው፤ ቢጫ ከዋጠው ሶዲየም ቀርቷልና አንዴ ጨምራችሁ እጠቡ፤ ከዚያ በላይ ማጠብ ምርቱን ይበላዋል።