የጠፈር ላይ ማሳደድ ታሪካችሁ አልሄድ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ይህን የምጽፈው በአማርኛ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ለምትሞክሩ ሰዎች ነው። በተለይ አንድ አደገኛ ሰው መንኮራኩር ሰርቆ አመለጠ፣ የሌላ መንኮራኩር ሠራተኞች ተከተሉት የሚለውን ታሪክ ይዛችሁ መሃል ላይ ለቆማችሁ። ታሪኩ ጥሩ ነው፣ አትጣሉት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገጸ ባሕርያቱ ደካማ ስለሆኑ ሳይሆን ጠፈሩ እንደ ጠፈር ስላልተጻፈ ነው። ጠፈር የራሱ ሕግ አለው። ሕጉን ካወቃችሁት ደግሞ ልብ የሚያንጠለጥለውን ነገር እሱ ራሱ ያቀርብላችኋል። ከታች የእናንተን ችግር ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ።

ችግር፦ ማሳደዱ የመኪና እሽቅድምድም ሆኖ ይነበባል

ምልክቱን ታውቁታላችሁ። ካፒቴኑ «ፍጥነት ጨምር!» ብሎ ይጮሃል፣ ሞተሩ ያገሳል፣ ሸሺው እየቀረበ ይመጣል። ሦስት ገጽ እንዲህ ከሄደ አንባቢው መዝለል ይጀምራል። (ሞተሩ ለውጭ ሰው አያገሳም፤ አየር በሌለበት ድምፅ የለም። ሠራተኞቹ የሚሰሙት በመንኮራኩሯ አካል በኩል የሚመጣውን ንዝረት ብቻ ነው። ይህችን አሁኑኑ አስተካክሏት።)

ምክንያት፦ በፕላኔት ዙሪያ ምህዋር ውስጥ ያለ መንኮራኩር ወደ ፊት ስለገፋ ብቻ ከፊቱ ላለው አይቀርብም። ይህ በእውነት ሰው ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በጁን 1965 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ጠፈርተኞች ጄምስ ማክዲቪትና ኤድ ዋይት በጀሚናይ 4 መንኮራኩር ወጥተው፣ ወደ ላይ ያደረሳቸውን የሮኬት ሁለተኛ ክፍል እንዲጠጉት እቅድ ነበር። የሮኬቱ ክፍል ቅርብ ነው፣ በዓይን ይታያል፣ ማንም አይነዳውም፣ አይሸሽም። ማክዲቪት ወደ እሱ አነጣጥሮ ገፋ። ራቀ። ደግሞ ገፋ። ይበልጥ ራቀ። ወደ ግማሽ የሚጠጋ ነዳጃቸውን ከጨረሱ በኋላ ሙከራው ተተወ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ፊት ስትገፉ የምታገኙት ተጨማሪ ፍጥነት ወደ ከፍተኛ ምህዋር ያወጣችኋል። ከፍ ያለው ምህዋር ዙሩ ረጅም ነው፣ ጉዞውም ዘገምተኛ ነው። ስለዚህ ለመድረስ ብላችሁ የገፋችሁት ራሱ ወደ ኋላ ያስቀራችኋል።

መፍትሄ፦ አሳዳጆቹ መጀመሪያ ፍጥነት ይቀንሱ። ሲቀንሱ ዝቅ ይላሉ፣ ዝቅ ሲሉ ዙሩ ያጥርላቸዋል። ከመሬት 300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ መንኮራኩር አንዱን ዙር በ90 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይጨርሳል፤ 400 ላይ ያለው ግን 92 ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈጅበታል። በየዙሩ 2 ደቂቃ ትቀድማላችሁ ማለት ነው፣ 2 ደቂቃ ደግሞ በዚያ ፍጥነት ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ጊዜውን ጠብቀው ከሥሩ ወደ ላይ ይወጣሉ። በዚያው በ1965፣ በዲሴምበር፣ ዋሊ ሺራና ቶም ስታፎርድ በጀሚናይ 6 ዝቅ ካለ ምህዋር ተነስተው ጀሚናይ 7ን ስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ደረሱባት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪቀራቸውም ተጠጓት። በኋላ ጨረቃን የረገጠው በዝ ኦልድሪን በ1963 ዶክትሬቱን የሠራው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነበር፤ ሁለት መንኮራኩሮች ምህዋር ላይ እንዴት ይገናኛሉ በሚለው። ዶክትሬት የሚያሠራ ጉዳይ ከሆነ ለአንድ ምዕራፍ ጭንቀት አያንስም።

በጽሑፍ ላይ እንዲህ ሊመጣ ይችላል፦

«ካፒቴን፣ እየራቀ ነው!»

«አይቻለሁ። ፍጥነት ቀንሽ።»

«ልቀንስ?»

«ቀንሽ አልኩሽ። ዝቅ እንላለን። ከሥሩ አልፈን እንጠብቀዋለን።»

በአራት መስመር ካፒቴኑ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሆኑ ታየ፣ ልጅቷ አዲስ መሆኗ ታየ፣ አንባቢውም ያልጠበቀውን ነገር ሰማ። የፊዚክስ ትምህርት መስጠት አያስፈልግም።

ችግር፦ ሸሺው አደገኛ ነው ይባላል፣ የሚፈራው ግን የለም

ይሄኛው ላይ ረጋ እንበል፤ ታሪኩን የሚገድለው ከሁሉም በላይ ይሄ ነው። ምልክቱ፦ ሰውየው የገደላቸው ሰዎች ቁጥር ተጠቅሷል፣ ፊቱ ላይ ጠባሳ አለ፣ ስሙ ሲጠራ ሁሉም ዝም ይላል። አንባቢው ግን አልደነገጠም።

ምክንያት፦ አደገኛነቱ ያለው ድሮ በሠራው ነገር ውስጥ ብቻ ነው። አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ አሳዳጆቹን ምን ያደርጋቸዋል? ጠፈር ላይ ለዚህ ጥያቄ ከሽጉጥ የበለጠ መልስ አለ፤ ነዳጅ ነው። ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ በ1903 ያሳተመው ቀመር የሚለው፣ ፍጥነት በጨመራችሁ ቁጥር የሚያስፈልገው ነዳጅ ከፍጥነቱ በላይ እየተባዛ ይሄዳል ነው፤ ነገ የምታቃጥሉትን ነዳጅ ዛሬ መሸከም አለባችሁና። ሳተርን 5 የተባለው ሮኬት ወደ 45 ቶን የሚሆን ጭነት ወደ ጨረቃ ለመላክ ሲነሳ ክብደቱ 2,900 ቶን አካባቢ ነበር። አብዛኛው ነዳጅ ነው።

አሁን ሂሳቡን ታሪኩ ላይ እናውርደው። ከፕላኔቶች ስበት ርቀናል እንበል። ሸሺው ከጣቢያው በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወጣ። አሳዳጆቹ ከ10 ሰዓት በኋላ ተነሱ። እንዲደርሱበት በ3.5 ይሄዳሉ። ሲደርሱ ከእሱ እኩል ለመሆን 0.5 ይቀንሳሉ። ያዙት። አሁን መመለስ አለባቸው፦ ወደ ፊት የሚሄዱበትን 3 ማጥፋት፣ ከዚያ ቢያንስ 0.5 ወደ ኋላ መጀመር፣ ጣቢያው ሲደርሱ ያንን 0.5 ደግሞ ማቆም። ፍጥነት መጨመርም መቀነስም ነዳጅ ይበላልና ሁሉንም ደምሩት፤ በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ነው። እሱ ያወጣው 3 ብቻ ነው።

ቀጥሉ። ሸሺው በመሃሉ 1 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ቢጨምር፣ እነሱ በዚያው ልክ ለመከተል 1 መጨመር አለባቸው፣ ለመመለስም ሌላ 1። እሱ አንድ ሲያወጣ እነሱ ሁለት ያወጣሉ። ለምን? እነሱ መመለስ ስለሚፈልጉ። እሱ ስለማይፈልግ።

የሚያስፈራው ሰው ይሄ ነው። መመለሻውን ከሂሳቡ የሰረዘ ሰው። ሞተሩን ባቀጣጠለ ቁጥር አሳዳጆቹን «እናንተስ ትሰርዛላችሁ?» ብሎ እየጠየቃቸው ነው፣ አንድም ቃል ሳይተነፍስ።

መፍትሄ፦ ገና ከመነሻው የነዳጁን ልክ ለአንባቢው ንገሩት። ቁጥሩ ቀላል ይሁን፣ በየምዕራፉም ይቀንስ። ከዚያ ሸሺውን በትክክለኛው ሰዓት አንድ ጊዜ ሞተሩን አስነሱት። እዚያ ላይ ጠባሳው አያስፈልግም።

ጊዜውንም አትርሱት። ከላይ ባለው ምሳሌ ሸሺው በ10 ሰዓት ውስጥ 108,000 ኪሎ ሜትር ርቋል። በሰከንድ ግማሽ ኪሎ ሜትር እየቀረቡ ለመድረስ 60 ሰዓት ይፈጅባቸዋል። መመለሱስ? ከጣቢያው 756,000 ኪሎ ሜትር ርቀዋል፣ በዚያ ዘገምተኛ ፍጥነት 17 ቀን ተኩል ነው። አንድ ሰው በቀን ወደ 0.84 ኪሎ ግራም ኦክስጅን ይጠቀማል። አምስት ሆነው ወጥተው ስድስት ሆነው ሲመለሱ ስድስተኛው፣ እጁ የታሰረው፣ እኩል ይተነፍሳል። ይህን ከመንኮራኩሯ ሠራተኞች ውስጥ ቀድሞ የሚያሰላው ማን ነው? ጮክ ብሎ የሚናገረውስ? ይህን ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ግማሽ መጽሐፍ መጻፍ ትችላላችሁ።

ችግር፦ ሸሺው ይሰወራል፣ አንባቢው ግን አያምንም

ምክንያት፦ ሁለት የተለመዱ መደበቂያዎች አሉ፣ ሁለቱም አይሠሩም። አንደኛው «መብራትና ሞተር አጥፍቶ በጨለማ ውስጥ ጠፋ» ነው። ሰው የሚኖርበት ክፍል ቢያንስ እንደ ቤት ይሞቃል፣ ዙሪያው ያለው ጠፈር ግን ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ሙቀት በሚለይ መሣሪያ ለሚያይ ሰው ያ መንኮራኩር ቦግ ብሎ ይታያል። ሁለተኛው በአስትሮይዶች መካከል መሹለክለክ ነው። በማርስና በጁፒተር መካከል ያለው የአስትሮይድ ቀበቶ በጣም ሰፊ ከመሆኑ የተነሳ አለቶቹ እጅግ የተራራቁ ናቸው። በ1972 የተነሳችው ሰው አልባ መንኮራኩር ፓዮኒር 10 የመጀመሪያዋ ሆና ስታቋርጠው ምንም ሳትሆን ወጥታለች።

መፍትሄ፦ ከአንድ ትልቅ ነገር ጀርባ አስገቡት። አሜሪካ ሰው ወደ ጨረቃ የላከችበት የአፖሎ ጉዞ ጠፈርተኞች ጨረቃን ሲዞሩ በየዙሩ 45 ደቂቃ ያህል ከምድር ጋር ግንኙነታቸው ይቋረጥ ነበር። ይባስ ብሎ ወደ ጨረቃ ምህዋር የሚያስገባቸውን ሞተር ያቀጣጠሉት ከጨረቃው ጀርባ ሆነው ነው። ምድር ላይ፣ ሂውስተን በሚገኘው መቆጣጠሪያ ማዕከል ያሉት ሰዎች ሞተሩ መሥራት አለመሥራቱን የሚያውቁት በወዲያኛው በኩል በሰዓቱ ብቅ ማለት አለማለታቸውን አይተው ነበር። ሸሺያችሁም ይህን ያድርግ። ከጨረቃ ጀርባ ይግባ፣ እዚያ አቅጣጫ ይቀይር። አሳዳጆቹ የት እንደሚወጣ መገመት አለባቸው፣ ነዳጃቸው ደግሞ ለአንድ ግምት ብቻ ይበቃል።

ሌላው መደበቂያ ሰው ነው። በሥራ የተጨናነቀ ጣቢያ ላይ በሌላ መንኮራኩር ምዝገባ መቆም። ሙቀቱ ይታያል፣ ማንነቱ አይታይም።

ችግር፦ ካፒቴኑ በየደቂቃው አለቃውን ያማክራል፣ ውጥረቱም ይረግባል

ምክንያት፦ የሬዲዮ መልእክት ከብርሃን አይፈጥንም። ወደ ጨረቃ 1.3 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ ይሄ ምንም አይደለም። ወደ ማርስ ግን እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ነው፣ መልሱም ያንኑ ያህል ይጨምራል።

መፍትሄ፦ «አቁሙ፣ ተመለሱ» የሚለው ትእዛዝ የማይመለሱበትን ነዳጅ ካቃጠሉ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይድረስ። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

ችግር፦ ተኩሱ ውጤት የለውም

ምልክቱ፦ ይተኮሳል፣ ይሳታል፣ ደግሞ ይተኮሳል። ምክንያቱ፦ ተኩሱ ተኳሹን ምንም አያስከፍለውም። መፍትሄው በታሪክ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2021 ሩሲያ ኮስሞስ 1408 የተባለች የራሷን አሮጌ ሳተላይት በሚሳኤል መታች። ፍርስራሹ ያስጋው ሌላውን ብቻ አልነበረም። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ የነበሩት ጠፈርተኞች፣ የሩሲያዎቹም ጭምር፣ ወደ መመለሻ መንኮራኩሮቻቸው ገብተው ለመጠለል ተገደዱ። ምህዋር ላይ የሰባበራችሁት ነገር ዞሮ ይመጣል። ስለዚህ ካፒቴኗ የመተኮሻውን ቁልፍ ስትነካ፣ ከአንድ ዙር በኋላ፣ ማለትም ከ90 ደቂቃ በኋላ፣ በፍርስራሹ መንገድ ማን እንዳለ ትጠይቅ። እነሱ ራሳቸው ከሆኑ ጥሩ ምዕራፍ አገኛችሁ።

ችግር፦ ሠራተኞቹ የሚያወሩት እንደ ፊልም ትርጉም ነው

ሁሉም አንድ ዓይነት ያወራሉ፣ ሁሉም «አንተ» ይባባላሉ፣ ወይም ደግሞ ሁሉም ወታደር ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጸሐፊው ሰዎቹ ከዚህ ጉዞ በፊት ምን ያህል እንደሚተዋወቁ አልወሰነም።

መፍትሄ፦ ከመጻፋችሁ በፊት ማን ማንን «እርስዎ» እንደሚል ወስኑ። ሽማግሌው መሐንዲስ ካፒቴኗን በእድሜ ይበልጣታል፣ በማዕረግ ግን ያንሳታል። አለቃው እሷ ናት። ታዲያ ሥራ ላይ «ካፒቴን፣ ይዘዙ» ይላታል፣ ምሳ ላይ «ልጄ፣ ትንሽ ቅመሺ እንጂ» ይላታል። አደጋ ሲመጣ የትኛው ነው የሚወጣው? ሸሺው ደግሞ ድሮ አብሯቸው ያገለገለ ከሆነ በሬዲዮ ሲያናግራቸው «ወንድሜ» ሊል ይችላል፣ ከሠራተኞቹም አንዱ ሳያስበው «አቤት» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ያን ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞረው ያዩታል። እዚህ ላይ ምንም ፍንዳታ አያስፈልጋችሁም።

ችግር፦ ተያዘ፣ ታሪኩም በድንገት ቆመ

ምክንያት፦ ሰውየውን ለማን እንደሚያስረክቡት አልታሰበም። በ1967 የጠፈር ስምምነት መሠረት አንድ መንኮራኩርና በውስጡ ያሉት ሰዎች ጠፈር ላይ እያሉ ሥልጣኑ የመዘገበው አገር ነው። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ደግሞ በ1998 የተፈረመው ስምምነት እያንዳንዱ አባል አገር በራሱ ዜጎች ላይ የወንጀል ሥልጣን እንዲኖረው ያደርጋል።

መፍትሄ፦ ሸሺው የሰረቃት መንኮራኩር በአንድ አገር ትመዝገብ፣ እሱ የሌላ አገር ዜጋ ይሁን፣ አሳዳጆቹም የሦስተኛ። ይህንን በመጀመሪያው ምዕራፍ በአንድ መስመር ጣል አድርጉት። ከዚያ 17 ቀን ተኩሉ የመልስ ጉዞ ሲጀመር ሦስቱም አገሮች «የኛ ነው» የሚል መልእክት ይላኩ፣ እስረኛው ደግሞ ሕጉን ከካፒቴኗ በደንብ የሚያውቅ ሰው ይሁን።