የባንክ ስም ለብሶ የመጣ አድራሻን ለማን እና እንዴት እናመልክት?

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ አለኝ። አንድ ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ፀሐዩ ሰውን ሁሉ ወደ ቤት ባስገባበት ጊዜ፣ ታይዋን ገበያ ልብስ የሚሸጡ ጎረቤቴ ስልካቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ እስኪ ይህን እዪልኝ፤ ሒሳብሽ ሊዘጋ ነው ይለኛል» አሉ። በመልእክቱ ውስጥ ያለውን ማስፈንጠሪያ (ሊንክ) ከፍተው የሚስጥር ቁጥራቸውን አስገብተው ነበር።

እንዲህ ሲሆን ከማመልከቻ በፊት ባንክ ይደወላል። የሚደወለው በመልእክቱ ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን ባንኩ ራሱ በሰጣችሁ ቁጥር ነው። ሒሳቡን አሳገድን፤ እማማ ውኃ ጠጥተው ተቀመጡ።

ከዚያ የማስፈንጠሪያውን የኢንተርኔት አድራሻ አብረን አነበብነው። የባንኩ ስም፣ ነጥብ፣ የማናውቀው ቃል፣ ነጥብ፣ «ቶፕ» ይላል። እማማ ያነበቡት የፊቱን ስም ብቻ ነበር፤ አጭበርባሪውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የአድራሻ ባለቤት የሚታወቀው ከኋላ ነው። ከስሙ ቀጥሎ ካለው እዝባር (/) በፊት የመጨረሻውን ነጥብ ፈልጉ፤ ከእርሱ በስተግራ ያለው ቃል የተመዘገበው ስም ነው። «ኮም ነጥብ ኢቲ» ሲሆን ግን አንድ ቃል ወደ ግራ ትጨምራላችሁ። ከዚያ በፊት ያለውን ባለቤቱ እንዳሻው ይጽፈዋል።

ቀጥሎ ማስረጃ ያዙ። መልእክቱን ሳታጠፉ ሙሉ አድራሻው፣ የላኪው ቁጥርና ሰዓቱ በሚታይበት ሁኔታ የስክሪን ምስል አንሱ። ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። የእኛ የቀኑ 8 ሰዓት በዓለም አቀፉ የሰዓት አቆጣጠር (UTC) 11:00 ነው። ቀኑንም በፈረንጆቹ ጻፉ፤ አለዚያ ተቀባዩ ከመዝገቡ ጋር ማገናዘብ አይችልም።

አሁን ስሙን የሸጠውን መዝጋቢ ድርጅት እንፈልግ። የኢንተርኔት ስሞችን ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን (ICANN) የፍለጋ ገጽ አለው። ስሙን ስታስገቡ መዝጋቢው፣ ስሙ የተመዘገበበት ቀን፣ የጥቆማ መቀበያ ኢሜይልና ስልክ ይወጣሉ። የባለቤቱ ማንነት አብዛኛውን ጊዜ ስለሚሸፈን አትድከሙበት። የእኛው ስም ከተመዘገበ 4 ቀኑ ነበር፤ በ4 ቀን ዕድሜ ባንክ እንደማይሆን ለማንም ግልጽ ነው፣ ስለዚህ በደብዳቤው ላይ አስቀደምኩት።

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ፣ አጭር ይሁን፦ ሙሉ አድራሻው፣ የተመሰለው ባንክ፣ ገጹ የሚጠይቀው መረጃ፣ ቀንና ሰዓት፣ ምስሉ። ኢሜይሉ እንደ አደገኛ ተቆጥሮ እንዳይታገድ በአድራሻው ውስጥ ያሉትን ነጥቦች በቅንፍ ክበቡ። የተጎጂውን የሒሳብና የሚስጥር ቁጥር ፈጽሞ አትላኩ። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 5 ቀን 2024 ጀምሮ የአይካን ውል ያላቸው መዝጋቢዎች በቂ ማስረጃ ሲቀርብላቸው ማስገርን (በሐሰተኛ ገጽ ሚስጥር መስረቅን) እና ጎጂ ሶፍትዌርን ለማስቆም እርምጃ የመውሰድ ግዴታ አለባቸው። ዝም ካሉ ለአይካን ቅሬታ አቅርቡ፤ አይካን ራሱ ገጽ አይዘጋም፣ መዝጋቢውን ግን ይጠይቃል። በ«ኢቲ» የሚያልቁ ስሞች ከዚህ ውል ውጭ ናቸው፤ እነርሱን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

አንድ ነገር ለዩልኝ። አንዳንዴ አጭበርባሪው የራሱን ስም አይገዛም፤ የአንድ ትምህርት ቤት ወይም ሆቴል ድረ ገጽ ሰብሮ ገብቶ ሐሰተኛውን ገጽ ውስጡ ይደብቃል። ያን ጊዜ ስሙ ይታገድ ማለት ንጹሑን ሰው መቅጣት ነው። ለድረ ገጹ ባለቤትና ድረ ገጹን በኮምፒውተሩ ላይ ለሚያኖረው አስተናጋጅ ድርጅት ጻፉ፤ እነርሱ የተደበቀውን ገጽ ብቻ ማንሳት ይችላሉ።

ለጎግል የአስጋሪ ገጽ መጠቆሚያም ላኩ፤ ከተቀበለው ክሮምና ፋየርፎክስ ገጹን ሊከፍት ለሚሞክር ሰው ቀይ ማስጠንቀቂያ ያሳያሉ። ገንዘብ ከተወሰደ ፖሊስ ዘንድ ሂዱ፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለና «የስልክ ነገር ነው» ተብላችሁ አትመለሱ።

የእማማ ገንዘብ አልተነካም። ስሙ በሦስተኛው ቀን ታገደ። በሳምንቱ አንድ ፊደል የተቀየረበት ሌላ ስም ለሌላ ደንበኛዬ መጣ፤ ያንኑ ደብዳቤ ከፍቼ ስሙን፣ ቀኑንና ምስሉን ለውጬ ሱቁን ሳልዘጋ ላክሁት።