ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ፦ እንዴት ይሠራል? መቼስ ይወሰዳል?

ኮንዶም ሲቀደድ፣ በየዕለቱ የሚወሰደው ክኒን ለቀናት ሲዘነጋ፣ የመርፌው ቀጠሮ ሲያልፍ ወይም አንዲት ሴት ስትደፈር ድንጋጤው ብዙ ውድ ሰዓቶችን ይበላል። የመድኃኒቱን አሠራር አስቀድሞ ማወቅ እነዚያን ሰዓቶች ያተርፋል።

የወንድ ዘር በሴት አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል፤ ከእንቁልጢ የወጣች እንቁላል ግን ከአንድ ቀን አታልፍም። ስለዚህ እርግዝና ግንኙነቱ ከተፈጸመ ከቀናት በኋላ ሊጀምር ይችላል። በአገራችን ፋርማሲዎች በአብዛኛው «ፖስትፒል» እየተባለ የሚጠየቀው፣ ሌቮኖርጀስትረል የተሰኘ ሆርሞን ያለው ክኒን፣ በዚህ መካከል ገብቶ የእንቁላሏን መውጣት ያዘገያል ወይም ያስቀራል። እንቁላሏ ቀድማ ከወጣች ግን የሚፈይደው ነገር እምብዛም ነው። የተጀመረ እርግዝናን አያቋርጥም፤ ጽንስንም አይጎዳም። «ማስወረጃ ነው» ወይም «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ ስንት ሴት ከፋርማሲ ደጃፍ እንደመለሰ ሳስብ ያሳዝነኛል፤ ሁለቱም እውነት አይደሉም።

ክኒኑ ከግንኙነቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢወሰድ ይመረጣል። ግንኙነቱ የተፈጸመው ቅዳሜ ማታ 4 ሰዓት ላይ ከሆነ 72 ሰዓት የሚሞላው ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት ላይ ነው። ይህ ማለት ግን እስከ ማክሰኞ መቆየት ይቻላል ማለት አይደለም፤ እንቁላሏ በየትኛው ሰዓት እንደምትወጣ ስለማይታወቅ፣ እሑድ ማለዳ የተወሰደ ክኒን ማክሰኞ ከሚወሰደው የተሻለ ዕድል አለው። ከ72 ሰዓት በኋላም እስከ 5ኛው ቀን ድረስ ጥቂት ሊረዳ ይችላል። በእነዚሁ 5 ቀናት ውስጥ በጤና ባለሙያ ማህፀን ውስጥ የሚገባው የመዳብ ሉፕ ግን ከ99 በመቶ በላይ ይከላከላል፤ ካልወጣም ለ10 ዓመት ያህል ያገለግላል።

ማሸጊያውን በጥንቃቄ ያንብቡ። በእያንዳንዱ ክኒን ላይ 0.75 ሚሊግራም የሚል ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይዋጡ፤ 1.5 ሚሊግራም የሚል ከሆነ አንዱ ብቻውን ሙሉ መጠን ነው። በተዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰዎት ሌላ ሙሉ መጠን መውሰድ ያስፈልጋል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ኢፋቪረንዝ የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒትና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የክኒኑን ኃይል ስለሚያዳክሙ፣ ከነዚህ አንዱን የሚወስዱ ከሆነ ሳያፍሩ ለፋርማሲ ባለሙያው ይንገሩት፤ መጠኑን እጥፍ እንዲያደርጉ ወይም ሉፕ እንዲያስገቡ ሊመክርዎት ይችላል።

ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት ወይም ጥቂት ደም መታየት የተለመደ ነው። የወር አበባ ከወትሮው በጥቂት ቀናት ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል፤ ከሳምንት በላይ ከዘገየ ግን የእርግዝና ምርመራ ያድርጉ። ክኒኑ ከተዋጠ በኋላ ለሚፈጸም ግንኙነት መከላከያ አይሆንም፤ እንዲያውም እንቁላሏ የዘገየች እንጂ የጠፋች ስላልሆነች፣ በዚያው ወር ማርገዝ ይቻላል። ስለዚህ በዚያው ዕለት መደበኛ መከላከያ መጀመርና ለቀጣዮቹ 7 ቀናት ኮንዶም መጠቀም ያሻል።

ፖስትፒል ኤችአይቪን አይከላከልም። የተደፈረች ሴት ክኒኑን ከፋርማሲ ገዝታ ወደ ቤቷ ከመመለስ ይልቅ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ትሂድ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ያለበት የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒትም አለና።