«ሳውንደር»ን ከልጆች ጋር ለማየት

«ሳውንደር» የተባለውን ፊልም ለልጆች ስታሳዩ፣ ከሁሉ በፊት ውሻው እንደማይሞት ንገሯቸው። ሳውንደር የውሻው ስም ነው። አባትየውን አስረው ሲወስዱት ከኋላ ሲሮጥ በጥይት ይመቱታል፤ ከዚያ ለብዙ ጊዜ የት እንደገባ አይታወቅም። ይህን ቀድሞ ያልሰማ ልጅ ሐሳቡ ሁሉ ውሻው ላይ ይቀራል፣ ቤተሰቡን አያይም።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ነው የወጣው፣ ታሪኩ ግን በ1933 በአሜሪካዋ ሉዊዚያና ገጠር ውስጥ ነው። ሞርጋኖች የሰው መሬት የሚያርሱ ጥቁር ገበሬዎች ናቸው። አባትየው ማታ አደን ወጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ጠዋት ግን ቤቱ ሥጋ ሥጋ ይሸታል። እዚህ ጋ አቁሙትና ሥጋው ከየት እንደመጣ ጠይቋቸው፤ መልሱን እናንተ አትንገሩ። ለዚያ ሥጋ አንድ ዓመት ከባድ የጉልበት ሥራ ነው የሚፈረድበት። ልጆቹ ፍርዱ ላይ ይከራከሩ፣ አታስቁሟቸው።

የመሬቱን ነገር ለማስረዳት ለእኛ ልጆች አጭር መንገድ አለ፤ ጭሰኛ በሏቸው። ከየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት የነበረውን የሚያስታውሱ አያት ካሏቸው ደግሞ ስልክ ደውሉና እሳቸው ያውሩላቸው፣ እኩል ወይም ሲሶ ለባለመሬት መስፈር ምን እንደሆነ ከእናንተ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ከዚያ የአሜሪካውን ጨምሩበት። አራሹ ዘሩንም አስቤዛውንም በዱቤ ይወስዳል፣ ምርቱ ሲገባ ዕዳው ይቆረጥበታል፣ መዝገቡን የሚይዘው ግን ባለመሬቱ ነው። ተበደልኩ ብሎ እንዳይከስ ሸሪፉም (የአካባቢው የፖሊስ አዛዥ) ዳኛውም ነጭ ናቸው።

ዘረኝነቱን ጩኸት ውስጥ ብቻ አትፈልጉት። እናትየው ባሏን ልትጠይቅ እስር ቤት ስትሄድ ሴት አይገባም ትባላለች። የት የሥራ ካምፕ እንደወሰዱትም አይነግሯትም። ሸሪፉ ይህን የሚላት ረጋ ብሎ፣ ደንብ ነው እያለ ነው። «ሳይሰድባት ምን አደረጋት?» ብላችሁ ጠይቁ። ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ነገር የገጠመው ልጅ ካለ፣ የሚናገረው እዚህ ጋ ሊሆን ይችላል።

እናትና ልጆች ሸንኮራውን ለብቻቸው ሲሰበስቡ፣ ትልቁ ልጅ አባቱን ፍለጋ በእግሩ ሲሄድ፣ ዝም ብላችሁ እዩ። አባትየው በምርኩዝ ሲመለስና እናትየውን ሆና የምትሠራው ሲሲሊ ታይሰን መንገዱን ስትሮጥለት ደግሞ ማንም ቃል አይተንፍስ። እኔ ስንት ጊዜ አይቼው አሁንም አለቅሳለሁ። ልጆች ሲያለቅሱ ቢያዩን ምንም ችግር የለውም።

መጨረሻ ላይ ልጁ ራቅ ያለው ትምህርት ቤት አልሄድም፣ አባቴን ላግዝ ይላል። አባትየው የሚመልስለትን ሁለቴ አሳዩዋቸው።

ንግግሩ የአሜሪካ ደቡባዊ ገጠር እንግሊዝኛ ስለሆነ የጽሑፍ ትርጉሙን ክፈቱት። 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጀምሩት፤ ማታ ከሆነ ጥያቄው ሳይመጣ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።