ዓይን የማያየውን ጉዳት በእድር ስብሰባ ማስረዳት

«አካል ጉዳተኛ» ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት ክራንች፣ ዊልቸር ወይም ነጭ በትር ነው። የሚጥል በሽታ፣ የልብ ሕመም፣ የመስማት ችግር ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ግን እንደማንኛውም ሰው ታክሲ ይሰለፋል፣ ለቅሶ ይደርሳል፤ ጉዳቱን የሚያይለት የለም። አካል ጉዳተኞች ሥራ ስለሚያገኙበት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 እንኳ የአካልን ብቻ ሳይሆን የአእምሮንና የስሜት ሕዋሳትን ጉዳት ጭምር ይቆጥራል። እንደ ኮዬ ፈጬና ቦሌ አራብሳ ባሉ የአዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈሮች፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው አዲስ ጎረቤት ሆኖ በሚኖርበት፣ ይህን ለማስረዳት ከእድር የተሻለ ቦታ አይገኝም።

መጀመሪያ የእድሩን ዳኛ አነጋግሩና ከወርሃዊው ስብሰባ 20 ደቂቃ አስፈቅዱ። መዋጮ ከመሰብሰቡ በፊት ይሁን፤ ከፍሎ ስሙን ያስመዘገበ ሰው ልቡ ቤቱ ነው። በአንድ ስብሰባ አንድ ሕመም ብቻ አንሱ። ሁሉንም በአንድ ቀን ከዘረዘራችሁ ሰው «እግዜር ይማራቸው» ብሎ ይሄዳል፤ በእጁ የሚሠራው ነገር ግን ይዞ አይወጣም።

የመጀመሪያውን ወር ለሚጥል በሽታ ስጡት። ጋቢ፣ ሰዓትና አንድ ክብሪት ይዛችሁ ግቡ። ክብሪቱን አንሥታችሁ «ሰው ሲወድቅ ይህን ምን ታደርጉበታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ጭረን እናሸተዋለን» የሚል አይጠፋም። አትውቀሱት፤ ሰው ለማዳን ብሎ የሚያደርገው ነው። ከዚያ ምክንያቱን ንገሩ፦ መንቀጥቀጡ የሚመጣው የአንጎል የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ለጊዜው ሲዛባ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያቆማል። በክብሪት የነቃ መስሎ የሚታየን መንቂያው ሰዓት ስለደረሰ ነው። ጭሱ ግን እንደልቡ መተንፈስ ላቃተው ሰው ተጨማሪ ጉዳት ነው፤ እሳቱም ፊት ያቃጥላል።

አሁን አንድ ፈቃደኛ ሰሌን ላይ አስተኙ። ዝም ብሎ ይተኛ፤ እየተንቀጠቀጠ አያስመስል። ከተሰብሳቢው መካከል ሕመሙ ያለበት ሰው ሊኖር ይችላል፤ በሕመሙ ሲሳቅ መስማት የለበትም።

ሰው ሲወድቅ የሚደረገውን በተራ በተራ በእርሱ ላይ አሳዩ። ሰዓት ተመልከቱ፣ መቼ እንደጀመረው ያዙ። ድንጋይ፣ የከሰል ምድጃ፣ የፈላ ውሃ ካለ አርቁ። ጋቢውን አጥፋችሁ ከራሱ ሥር አድርጉ፤ አንገቱን ያጠበቀውን ሻርፕ ወይም ቁልፍ አላሉ። እጅና እግሩን አትያዙ፤ በግድ ሲይዙት አጥንት ሊሰበር ወይም መገጣጠሚያ ሊወልቅ ይችላል። አፉ ውስጥ ማንኪያም፣ ጨርቅም፣ ውሃም አይገባም። «ምላሱን ይውጣል» የሚባለው አይደርስም። ቢነክሰው ይድናል፤ በማንኪያ የተሰበረ ጥርስ ግን ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል።

መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ አዙሩት። ከጎኑ ተንበርከኩ። በእናንተ በኩል ያለውን እጁን ወደ ጎን ዘርጉ፣ የወዲያኛውን መዳፍ ከጉንጩ ሥር አድርጉ፣ የወዲያኛውን ጉልበት አጥፋችሁ ወደ እናንተ ሳቡት። ምራቁ ወደ ውጭ እንዲፈስ አፉ ወደ መሬት ያዘንብል። ይህን ተሰብሳቢው ሁለት ሁለት እየሆነ ይሥራው፤ ያየው ይረሳል፣ የሠራው ይቀርለታል። የታመመው ሰው ሲነቃ ግራ ይጋባል፤ የት እንዳለ በቀስታ ንገሩት፣ የከበበውን ሰው በትኑ፣ በደንብ እስኪያውቅ አትለዩት።

መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ከደገመው፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ውሃ ውስጥ ከወደቀ ወይም ሕመሙ የመጀመሪያው ከሆነ አምቡላንስ ጥሩ፤ የቀይ መስቀል 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው። በእነዚህ ሰፈሮች አምቡላንስ ብሎኩን ፍለጋ ሲዞር ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ የብሎክ ቁጥሩንና ሁሉ የሚያውቀውን ምልክት ተናገሩ፣ አንድ ልጅም አስፋልቱ ድረስ ልካችሁ ይቁም።

«አረፋው ከነካን ይተላለፍብናል» የሚለውን ፍርሃት ሳትነኩ አትውጡ። የሚጥል በሽታ አይተላለፍም፤ ይህ ፍርሃት ግን ሰው ምድጃ ላይ ወድቆ እንኳ የሚያነሳው እንዳያገኝ አድርጓል። ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙ ከታማሚዎቹ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር እንደሚችሉ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። መድኃኒቱ በየቀኑ ይዋጣል፤ ፊኖባርቢታልን የመሰለውን በድንገት ማቆም ከቀድሞው የባሰ ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ ያስነሳል። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ይጠመቅ፤ ኪኒኑን ግን አያቋርጥ። ይህን አንድ የተከበሩ ቄስ ወይም ሼህ በስብሰባው ላይ ቢናገሩት የእናንተን አሥር ጊዜ ያህል ይሰማል።

በሁለተኛው ወር የስኳር ሕመም ይሁን። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኳሩ ሲወርድ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንደበቱ ይያያዛል፤ ታክሲ ውስጥ ከሆነ «ጠጥቷል» ተብሎ ይወርዳል። መዋጥ ከቻለ ከ300 ሚሊ ሊትሩ ለስላሳ ግማሹን፣ ወይም 3 ከፍ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡት። ስኳር የሌለበት ለስላሳ አይሠራም። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ድገሙለት። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አታድርጉ፣ በጎኑ አዙሩትና አምቡላንስ ጥሩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ራሱ ወደ እድሩ ደንብ ተመለሱ፤ የማይታይ ጉዳት ያለበት ሰው በየወሩ የሚቀጣው በዚያ ነውና። ጡሩምባ ያልሰማ አባል ቀብር ቀርቶ ይቀጣል፤ ጆሮው እንደማይሰማ ግን ማን ጠየቀ? የሟች ስም፣ የቀብሩ ቦታና ሰዓቱ በስልክ መልእክት ይላክለት። በስብሰባ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ ተናጋሪው ፊቱን ወደ ብርሃን አድርጎ በመጠነኛ ድምፅ ይናገር። ጩኸት የከንፈርን ቅርጽ ያበላሻል፤ ካልገባው በሌላ ቃል ንገሩት። የልብ ቫልቭ ችግር ያለባት የ25 ዓመት ወጣት ደግሞ ድንኳን ስትሸከም ትንፋሽዋ ይቆረጣል፤ ጉልበቷን የሚያይ «ሰነፍ» ይላታል። መዝገብ መያዝ፣ ስልክ መደወል ትችላለች።

ደንቡ ላይ የሚጨመረው አንቀጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በጤና ምክንያት ከባድ ሥራ መሥራት ወይም ቀብር መድረስ የማይችል አባል፣ ከጤና ተቋም የሥራ ገደብ ማስረጃ ሲያቀርብ ቅጣት አይከፍልም፤ በሚችለው ሥራ ይመደባል። የሕመሙ ስም አይጠየቅም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ማንም እንዳያስቆርጣት ተከራከሩላት። ማስረጃው በታሸገ ፖስታ ጸሐፊው ዘንድ ይቀመጥ። የቀሪዎች ስም ሲነበብ ከስሙ አጠገብ «ፈቃድ አለው» ብቻ ይባል፤ ምክንያቱ አንዴ በአደባባይ ከተነበበ በሚቀጥለው ወር ፖስታ ይዞ የሚመጣ ሰው አይገኝም።